በቤቱ ስንት ናችሁ?

ባሻ ዶ ኡምቡ
ሰኞ፣ ጁላይ 3 ቀን 2017

ልጄ ኢቫኒልዶ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

ቡራኬውን ሳትጠይቀኝ ልስጥህ፤ እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ከክፉ ዓይንም ከክፉ አፍም ይሰውርህ። ስትደውል ሁሌ «እማዬ፣ ቡራኬሽን» ብለህ ነው የምትጀምረው፤ እኔም ያንን ካልሰማሁ ወሬው አይጀመርልኝም። ዛሬ ግን በወረቀት መጥቼብሃለሁ። ስልክ ማመን ትቻለሁ። ስልክ ማለት በየሰው ኪስ ውስጥ የተቀመጠ የጎረቤታችን የኔውዛ ጆሮ ነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እያነበብክ ስትሄድ ይገባሃል።

ይህን የምታደርስልህ የዳቦ ቤቷ የሳሌቴ ልጅ ናት፤ ሐሙስ ወደ ሊዝበን ትበራለች። ፖስታውን በሙጫ አሽጌ ከላዩ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። ፕላስተሩ ተነስቶ ከደረሰህ ልጅቷ አንብባዋለች ማለት ነው፤ ንገረኝ። እናቷም ብትሆን ዳቦ ስትቆጥር አንድ የምታጎድል ሴት ናት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የጠየቅከኝን ወረቀት አልረሳሁትም። ጠበቃው «እናትህ ብቻዋን እንደምትኖር ከጤና ኬላው ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶ፣ እሷም ፈርማበት ይምጣ» እንዳለህ፣ ያ ወረቀት ከሌለም ወደ ፖርቱጋል ልትወስደኝ እንደማትችል ገብቶኛል። ወር ከሳምንት አለፈው። እንደማውቅህ አሁን «እማዬ ሆን ብላ ነው ያዘገየችው» እያልክ ነው። ጥርጣሬን ከማን ተማርከው? ከእኔው አይደል! ግን ሆን ብዬ አይደለም። ቢያንስ መጀመሪያ ላይ ሆን ብዬ አልነበረም። በዚያ ወረቀት የተነሳ እዚህ የሆነውን ልንገርህና ፍርዱን ለራስህ እተወዋለሁ።

አንተ የሸክላ ፋብሪካው ተዘግቶ ስትሄድ ሐኪሟ ጤና ኬላው በሳምንት አምስት ቀን ትገባ ነበር፤ ታስታውሳለህ። ኢኮኖሚው ወደቀ ከተባለ ወዲህ መጀመሪያ ሦስት ቀን ሆነ፣ ቀጥሎ ማክሰኞ ብቻ። የጥርስ ሐኪሙ ከሄደ ዓመት ከመንፈቁ ነው፤ ወንበሩን አንሶላ አልብሰውታል፣ ሬሳ ይመስላል። ለሁለት ወር ይሰጠኝ የነበረው የግፊት ክኒን አሁን ለአሥራ አምስት ቀን ነው፤ እሱም ካለ። የግፊት መለኪያው ባትሪ ስላለቀበት ሰው ባትሪውን ከቤቱ ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ባትሪ አውጥቼ እሄዳለሁ፤ ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ ቤት ቻናል መቀየር የለም።

ከንቲባውን ስትጠይቀው «ገንዘብ ከላይ አልወረደም» ይላል። በቴሌቪዥን ደግሞ የመንግሥት ወጪ ከዋጋ ንረት በላይ ለሃያ ዓመት እንዳይጨምር ሕግ ወጥቷል አሉ። ሃያ ዓመት! እኔ ያን ጊዜ ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ይሁን፣ ገንዘብ የለም እንበል። እንዲያ ከሆነ በዚህ በጁኑ የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ያ መብራቱን በሁለት ከባድ መኪና ጭኖ የመጣው ዘፋኝ በማን ገንዘብ መጣ? ያንን ዓይነት ገንዘብ የሚያወርደው የትኛው ሰማይ ነው? ሽማግሌው ጎረቤታችን ጋሽ ቢው ከፊት ለፊት ወንበሩን አውጥቶ ተቀምጦ ሲያየው ቆየና «ይኼ ሰውዬ ከዘፈነ በኋላ ቁስሌን ያጥብልኝ እንደሆን ጠይቂልኝ» አለኝ። እግሩ አልዳነም፣ ያው ነው። ሰኞና ሐሙስ ጤና ኬላ ሄዶ ይታጠብለታል።

የማልወደው ነገር ምን መሰለህ? ፋሻ ሲጠፋ ሰው ሌባ መፈለግ ይጀምራል። ድሮ ወረፋ ስንጠብቅ ስለ ዝናብ ነበር የምናወራው። አሁን ሁሉም የሌላውን ቦርሳ ነው የሚያየው። እገሊት ለምን ሁለት ክኒን ተሰጣት፣ እገሌ ለምን ቀድሞ ገባ። እኔም ከሁሉም ብሼ ነበር፤ እሱን ነው የምነግርህ።

በማርች ማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ጠርቶ «ከሰባት መቶ ሃምሳ ሰው በታች የሚያገለግል ጤና ኬላ ተዘግቶ ከከተማው ጋር ይጠቃለላል» አለን። ከተማው ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፤ አውቶቡሱ በሳምንት ሁለቴ ነው የሚያልፈው፣ ያውም ሹፌሩ ካልታመመ። የእኛን ሰው የምትቆጥረው ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ሠራተኛችን ዙሌይዴ ናት። የእሷ ቁጥር ሰባት መቶ ስልሳ ሁለት ነው። ሁሉም ሰው እፎይ አለ። እኔ ግን ያን ጊዜም ጠረጠርኩ። የሸክላ ፋብሪካው ሲዘጋ ስንት ወንድ ነው ከዚህ የወጣው? አንዱ ሸንኮራ ቆረጣ፣ አንዱ ሳኦ ፓውሎ፣ አንተ ባሕር ማዶ። ሰው እየሄደ ቁጥሩ እንዴት ቆመ? አልኩና ለራሴ ያዝኩት።

አንድ ማክሰኞ ባትሪዬን ይዤ ሄድኩ፤ ግፊቴ ከተለካ በኋላ ወደ ዙሌይዴ ጠረጴዛ ጠጋ አልኩ።

«ዙሌይዴ፣ ለልጄ የሚላክ ወረቀት ፈልጌ ነበር።»

«የምን ወረቀት?»

«ብቻዬን እንደምኖር የሚል።»

ቀና ብላ አየችኝ። አብረን አራተኛ ክፍል ድረስ የተማርን ሴቶች ነን፤ ፊቷን አውቀዋለሁ። ቀላ።

«ብቻሽን?»

«ታዲያ ከማን ጋር ልኑር? ከዶሮዎቹ ጋር?»

«እሺ... ሐኪሟን አነጋግራለሁ» አለችና አንድ ሰው ከውጭ ሲጠራት ተነስታ ወጣች። የቤታችን ካርድ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። እናትህ መቼም ተከፍቶ የተቀመጠ ነገር አይታ አታውቅም፤ ግን አየሁ። መጀመሪያ የእኔ ስም፣ ሃምሳ አራት ዓመት፣ ግፊትና ስኳር። ከሥሩ ማንን ባይ ጥሩ ነው? አንተን! ኢቫኒልዶ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በዚሁ ቤት ነዋሪ። ሜይ 9 ቀን ተጎብኝቷል። ግፊት አሥራ ሁለት በስምንት። ትንሽ ከስቷል። ጨው እንዲቀንስ ተመክሯል።

ሜይ 9 ቀን አንተ እዚያ ፖርቱጋል፣ ሴቱባል መጋዘን ውስጥ ሳጥን ስትሸከም ነበር!

ወደ ቤት ስመለስ ፀሐዩም አልተሰማኝ። ለሌለ ሰው ጨው ቀንስ የምትል ሴት ለሌለ ሰው ክኒን ብታወጣስ? የእኔ ክኒን ለአሥራ አምስት ቀን የሆነው የልጄ ክኒን ሌላ ሰው አፍ ውስጥ እየገባ ቢሆንስ? ደግሞ ልብ አልኩ፤ ዙሌይዴ በፋሲካ አዲስ ጫማ አድርጋ ነበር። ቦርሳዋም ሰው ቤት ስትገባ የተነፋ፣ ስትወጣ የጎደለ ነው። አንዴ መጠርጠር ከጀመርክ ሁሉም ነገር ምስክር ይሆንልሃል፣ ልጄ። ጫማም ይመሰክራል።

ለአንድ ሰው ብቻ ነገርኩ። ለኔውዛ። ያውም በስልክ ድምፅ ቀርጬ፤ «ዙሌይዴ በልጄ ስም መድኃኒት ሳታወጣ አትቀርም፤ በመካከላችን ይቅር» ብዬ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? በማግስቱ ዳቦ ልገዛ ስሄድ ሳሌቴ የገዛ ድምፄን ከስልኳ ከፍታ አሰማችኝ። «በመካከላችን ይቅር» የሚለውም ሳይቀር ነበረበት። ኔውዛን ስጠይቃት «እኔ የላክሁት ለእህቴ ብቻ ነው» አለች። እህቷ የምትሠራው የት መሰለህ? ማዘጋጃ ቤት። ሻይ ታፈላለች።

እኔም ነገሩ ከወጣ አይቀር ማስረጃ ላግኝ ብዬ ቅዳሜ ዕለት ዣንጥላዬን ይዤ ዙሌይዴን ተከተልኳት። አትሳቅ። ቦርሳዋ ተነፍቶ ጋሽ ቢው ቤት ገባች፤ እኔ ከካክተሱ አጥር ኋላ ቆምኩ፤ ባዶ ቦርሳ ይዛ ወጣች። ያዝኩሽ! አልኩ በሆዴ። እሷ ራቅ እንዳለች ዘው ብዬ ገባሁ።

ጋሽ ቢው እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ፓፓያ ይበላል። እግሩ ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በሰማያዊ አበባ ተጠቅልሏል።

«ይኼ ምንድን ነው ጋሽ ቢው?»

«የዙሌይዴ አንሶላ ነው። ፋሻ ካለቀ ሦስት ሳምንቱ፤ ቀቅላ፣ ተኩሳ፣ ቀድዳ ታመጣለች። አበባውን አየሽው? እግሬ ሠርግ ተጠርቷል!»

«ክኒንስ አላመጣችልህም?»

«የምን ክኒን? አንቺ ልጅ፣ ከአጥሩ ኋላ የቆምሽው ክኒን ፍለጋ ነው እንዴ? ዣንጥላሽ ከአጥሩ በላይ ይታይ ነበር'ኮ። ዙሌይዴም አይታሻለች፤ "ተያት፣ ፀሐይ ይብቃት" ነው ያለችኝ።»

አፈርኩ። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ጊዜም ሙሉ በሙሉ አላመንኩም። አንሶላ የሚሰጥ ሰው ክኒን አይሸጥም ያለው ማነው? እያልኩ ነው የተመለስኩት። ጥርጣሬ እንደ ነቀዝ ነው፤ አንዴ ከገባ እህሉን ሳይጨርስ አይወጣም።

ከበዓሉ ማግስት፣ እሑድ፣ ዙሌይዴ ራሷ በሬን አንኳኳች። ወንበር ሳብኩላት፤ አልቀመጥም አለች። ከተጠበሰው በቆሎ አቀረብኩላት፤ አልነካችውም።

«ድምፅሽን ሰማሁት» አለችኝ። «ደህና ድምፅ አለሽ። ያንን ሁሉ ገንዘብ ለዘፋኝ ከሚያወጡ አንቺን ቢያዘፍኑ ይረክስላቸው ነበር።»

ቦርሳዋን ከፍታ የቤታችንን ካርዶች አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረቻቸው። አንተ ከሄድክ ጀምሮ ያሉትን፣ የሃያ ስምንት ወር።

«በየወሩ እመጣለሁ አይደል?»

«ትመጫለሽ።»

«"በቤቱ ስንት ናችሁ?" ብዬ ነው የምጀምረው። ምን ብለሽ ነው የምትመልሺልኝ?»

ልጄ፣ የምለው ትዝ አለኝ።

«"ሁለት ነን" ነው የምትዪኝ፣ ሊንዳልቫ። ሃያ ስምንት ጊዜ። "ኢቫኒልዶስ እንዴት ነው?" ስልሽ "ደህና ነው፣ ትንሽ ከስቷል" ትያለሽ። በሜይ ጭራሽ "ግፊቱን ተለክቶ አሥራ ሁለት በስምንት ሆነ" አልሽኝ። ጻፍኩ። "ቢሆንም ጨው ይቀንስ፣ ንገሪው" አልኩሽ። ነገርሽው አልነገርሽውም?»

«ነገርኩት።»

ነግሬህ ነበር'ኮ! በስልክ «ጨው ቀንስ» ስልህ «እማዬ ደግሞ ሐኪም ሆንሽ?» ብለህ ሳቅክብኝ። የመሥሪያ ቤታችሁ ሐኪም የለካህን ግፊት ነው ለዙሌይዴ የነገርኳት። እሷ ስትጠይቀኝ አንተ ውጭ አገር ነህ ብዬ አስቤ አይደለም የምመልሰው። ማንም «ስንት ናችሁ» ሲለኝ አፌ ራሱ ነው የሚመልሰው።

«ግን እንደሌለ ታውቂ ነበር!» አልኳት። ሰው ሲሸነፍ ይጮኻል።

«አውቅ ነበር። መጀመሪያ ወር ላይ "ሁለት ነን" ስትዪኝ ፊትሽን አየሁና "አይ፣ አንድ ነሽ" ማለት አቃተኝ። እስክትለምደው ልተዋት አልኩ። በኋላ ደግሞ ያ ሰባት መቶ ሃምሳ የሚሉት ቁጥር መጣ፤ ያን ጊዜ ተመቸኝ። አልዋሽሽም፣ ተመቸኝ። አንቺ ብቻ መሰልሽ? ባሏ ሸንኮራ ቆረጣ የሄደባት ሁሉ "እዚህ ነው፣ ለእራት ይመጣል" ነው የምትለኝ። ሥራ ሲጠፋ ሰው ሄደ፤ ሰው ሲሄድ ቤቱ ጎደለ፤ ቤቱ ጎደለ ብለው ደግሞ ሐኪሟን ሊወስዱብን ነው። እኔ የጎደለውን አላጎድልም አልኩ፣ በቃ። በልጅሽ ስም ግን አንዲት ክኒን አልወጣችም። ጤነኛ ነው ብዬ አይደል የጻፍኩት?»

ከዚያ ካርዶቹን ሰበሰበችና ሌላ ወረቀት አወጣች። ያንተን ወረቀት። «ሊንዳልቫ ብቻዋን ትኖራለች» ይላል፤ የሐኪሟ ፊርማ አለበት፣ ማኅተም አለበት። የጎደለው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው።

«ቃሌን ጠብቄያለሁ» አለችኝ። «ነገ የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ ወደ እኛ መንገድ ይመጣል። በድምፅሽ ምክንያት ካንቺ ቤት ነው የሚጀምረው። ይህን ወረቀት ካሳየሽው የእኔ ሥራ ያበቃል፣ ጤና ኬላውም ያበቃል። አታሳዪው አልልሽም። ልጅሽ ነው፤ ሂጂ ካለሽ መሄድሽ ነው።» ከበሩ ዞር ብላ በቆሎዋን አነሳችና እየበላች ሄደች። ይቅር ያለችኝ ይመስለኛል። ወይም ርቧት ይሆናል።

ሰኞ ጠዋት መጣ። ክሌይቶን ይባላል፤ ሃያ ስድስት ወይም ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጫማው ሹል። በመንገዳችን አቧራ ሹል ጫማ የሚያደርግ ሰው ወይ ፖለቲከኛ ነው ወይ ሙሽራ። ታብሌት ይዟል። እኔ ቤት ከመድረሱ በፊት ባለው ሳምንት በሌሎች ሰፈሮች ዘጠኝ ስም ሰርዞ ነበር፤ ኔውዛ ከእህቷ ሰምታ ነግራኛለች። ሰባት መቶ ስልሳ ሁለት ሲቀነስ ዘጠኝ፣ አንተው አስላው። የእኛ መንገድ ደግሞ ገና አልተነካም፤ በየቤቱ እንዳንተ ያለ አንድ አንድ ሰው አለ።

«እትዬ ሊንዳልቫ፣ ልጅሽ የት ነው?»

«ወጥቷል።»

«መቼ ይመለሳል?»

«እኔም እሱን ነው የምጠብቀው።» ውሸት ነው እንዴ ይኼ?

ክፍሉን ልየው አለ። ምን ላድርግ፣ አሳየሁት። ልጄ፣ ክፍልህን እንዳለ ነው ያስቀመጥኩት። የምትተኛበት የጨርቅ ሬዴህ ከግድግዳ ግድግዳ እንደተወጠረ ነው፣ ሰው ለማታ ይገባበት ይመስል። ባርኔጣህ ምስማሩ ላይ፣ መላጫህ ኩባያው ውስጥ። ለተቆጣጣሪ ብዬ ያዘጋጀሁት አንድም ነገር የለም። እሱ ግን ለማታለል ያዘጋጀሁት መስሎት መሰለኝ ሁሉን በጥርጣሬ አየው። ሬዴውን በእጁ ዳሰሰ።

«ንጹሕ ነው።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ አጥበዋለሁ።»

«እትዬ፣ ሰው የሚተኛበት ሬዴ መሐሉ ይረግባል። እኔም በሬዴ ነው ያደግኩት። ይኼ አልረገበም።»

«ልጄ ቀጭን ነው» አልኩት። «ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ ከስቷል ይላል።»

ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ያዘው። ከዚያ ወጥ ቤት ገብተን ጠረጴዛው ላይ ታብሌቱን አስቀመጠና ጣቱን ዘርግቶ ጠየቀኝ።

«በቤቱ ስንት ናችሁ?»

ያንተ ወረቀት መሳቢያው ውስጥ ነበር፣ ከጉልበቴ አንድ ስንዝር አይርቅም። «አንድ» ብል እውነት ነው። «አንድ» ብል አንተን አያለሁ። ደግሞ ልንገርህ፣ በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት አንተን ብቻ አይደለም። ባለፈው ስትደውል ከኋላህ ሕፃን ያለቅስ ነበር። «የጎረቤት ነው» አልከኝ። የጎረቤት ሕፃን እያለቀሰ ወደ ስልኩ አይቀርብም፣ ልጄ። አባትህ ቢኖር ያምንህ ይሆናል፤ እኔ ግን ሕፃን ተሸክሞ የሚያወራ ሰው እንዴት እንደሚተነፍስ አውቃለሁ። ኔውዛ «እናቶቻቸውን የሚወስዱት ልጅ እንዲጠብቁላቸው ነው» ብላኝ ነበር። ብላስ? ለእንዲህ ያለ ሥራ ቢጠሩኝ በእግሬ አልሄድም ነበር?

ግን ደግሞ በመስኮቱ ጋሽ ቢው ታየኝ። ሰኞ ነው፤ ያንን ሰማያዊ አበባ ጠቅልሎ በከዘራው ወደ ጤና ኬላው እየሄደ ነው። ሁለት መቶ እርምጃ ለመሄድ ሦስት ቦታ ይቆማል። ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ስንት ቦታ ሊቆም ነው?

«ሁለት» አልኩ። «ሁለት ነን።»

በጣቴ ታብሌቱ ላይ ፈረምኩ። መስታወት ላይ ሲፈርሙ ፊርማ አይመስልም፤ የሕፃን ጭረት ይመስላል።

ክሌይቶን ወዲያው አልተነሳም። «እንግዲያው ስልኩን ስጪኝ፤ ራሱን ሳላናግር ፋይሉን መዝጋት አልችልም» አለ። የሞተ ቁጥር ልሰጠው አሰብኩ፤ ግን ሁለት ውሸት በአንድ ጠዋት ለእኔ ዕድሜ ይበዛል። እውነተኛውን ሰጠሁት። መነሻውን ሲያይ ቆመ።

«ይኼ የውጭ ቁጥር ነው።»

«እርካሽ ነው ብሎ ነው የገዛው።»

ቁጥሩን ጻፈው። «ከጁላይ ሃያ በኋላ እደውልለታለሁ። እቤቱ እንደሚኖር እሱ ራሱ ከነገረኝ ለእኔ በቂ ነው» አለኝና ውኃ ጠጥቶ ሄደ። አዝኖልኝ ይሁን ወጥመድ እየዘረጋ፣ እስከ ዛሬ እያሰላሰልኩት ነው። በሹል ጫማ ውስጥ ምን ዓይነት እግር እንዳለ አይታወቅም።

እንግዲህ ልጄ፣ ይደወልልሃል። ምን እንደምትል ነው የምነግርህ። «የት ነህ?» ካለህ «ሥራ ላይ ነኝ» በል፤ እውነት ነው። «የማን ቤት ነው የምትኖረው?» ካለህ «የእናቴ ቤት ነው ቤቴ» በል። ይኼም እውነት መሆኑን ካላመንክ ግን አትበለው፤ ዋሽ ብዬ የወለድኩትን ልጅ አላዝም። ያሻህን መልስ። እኔ ዙሌይዴን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ አንድ ያልተነካ አንሶላ ነበረኝ፣ የሠርጌ፣ ለጋሽ ቢው እግር ይሁን ብዬ ሰጥቻታለሁ። ነጭ ስለሆነ «ሐዘን ላይ አስቀመጥሽኝ» ብሎ እያማረረ ነው።

ስለ እኔ አታስብ። ስኳሬ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ትንሽ ብቻ፤ ሐኪሟ ማክሰኞ ታየኛለች። ዓይኔን ጭጋግ ያለብሰኛል፤ ጽሑፌ ከመስመሩ የወጣው ለዚያ ነው እንጂ እጄ ደህና ነው። በዲሴምበር እረፍት ካለህ ና። የኡምቡው ዛፍ ዘንድሮ ብዙ ፍሬ ይሰጣል ይላሉ። ያንን የጎረቤት ሕፃንም ይዘኸው ና፤ ጎረቤትህ ካልፈቀደች እናቱንም ይዘሃት ና።

እግዚአብሔር እጅህን ከማሽን፣ ልብህን ከብርድ ይጠብቅልህ። አንተን የሚያይ ዓይን ሁሉ በበጎ ይይህ፤ እኔ ባላይህ እመቤታችን ስለ እኔ ትይህ።

ደብተሩ አልቆብኝ የመጨረሻውን ገጽ በሌላ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው የጻፍኩት። ገልብጠህ እየው፤ የሐኪሟ ማኅተም ያለበት ነው። ከዚህ በኋላ ለጠበቃው እንደማይሆን አውቃለሁ። ፊርማዬን ፈልገህ ነበር፤ ይኸው፣ ከጀርባው ፈርሜልሃለሁ።

እናትህ
ሊንዳልቫ